ፕሮፌሰሯ «አናውቅም» ያሉ ቀን

ልጄ ፋርማሲ ልትማር ነው ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ፌደራል ዌይ ከተማ ካለው አፓርታማችን ታች ላሉት ጎረቤቶች ሳይቀር ነግሬያለሁ። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሜጀሯን፣ ዋና የትምህርት ዘርፏን፣ መቀየር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ወደ ምን? ወደ ፊዚክስ። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ እየነዳሁ ነበር፤ መውጫዬን አለፍኩት።

«ፊዚክስ ተምሮ ሥራ ያገኘ ማን አለ?» አልኳት። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። እሷ ግን አልጮኸችም። ያለ እኔ እሺታ እንደማትቀይር፣ ግን የፊዚክስ ፕሮፌሰሯ ክለባችን መጥተው ሲናገሩ አንድ ጊዜ እንድሰማቸው ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይ አለችኝ። ይኼን ሁሉ ያለችኝ በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ነው። እሺ አልኩ። ሰምቼ እምቢ ብል ማን ይከለክለኛል?

ክለባችን ስካይዌይ ሰፈር ነው የሚሰበሰበው። ሐበሾች ነን፤ ሰፈር እናጸዳለን፣ አዛውንቶችን ክሊኒክ እናደርሳለን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከምሳ በኋላ እንግዳ ጠርተን እንማራለን። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ስለሆነ ሐኪም ፊትም ብዙ ጊዜ የማስተረጉምላቸው እኔው ነኝ። ዶክተሩ ክፉ ነገር ሲናገር ታዲያ እንዳለ አላወርደውም። «ትንሽ ያሳስባል፣ ግን እግዚአብሔር አለ» እላለሁ። ዶክተሩ እግዚአብሔርን አልጠራም፤ እኔ ብጠራው ምን ቸገረው!

ፕሮፌሰሯ ስኒከር ያደረጉ ረጅም ሴትዮ ናቸው። ሽሮውን አጣጥመው በሉ፣ አመሰገኑ፣ ስላይዳቸውን ከፈቱ። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው አሉ፤ አስተረጎምኩ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት አባባ ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሱ።

«እስቲ ጠይቂልኝ ልጄ። መስፋት ከመጀመሩ በፊትስ ምን ነበር?»

ፕሮፌሰሯ ፈገግ ብለው «አናውቅም» አሉ።

ክው አልኩ። ያን ያህል ተምረው፣ በእንግድነት ተጠርተው፣ ሽማግሌ ፊት! ልጄ ፋርማሲውን ጥላ ልትከተላቸው የፈለገችው ሴትዮ በአደባባይ ሲያፍሩ ታየኝ፤ አሳዘኑኝ። «ነገሩ ሰፊ ነው፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ ይላሉ» አልኩ። አባባ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጠሉ። ዩኒቨርስ ውስጥ ካለው ቁስ አብዛኛው አይታይም አሉ። አባባ አሁንም እጃቸውን አነሱ። «የማይታየው ምንድን ነው ታዲያ?»

«አናውቅም!» አሉ ፕሮፌሰሯ፣ ጭራሽ ደስ እያላቸው። ምን ያስደስታቸዋል? «በጣም ረቂቅ ነገር ነው ይላሉ» ብዬ አለፍኩት።

ልጄ ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«እማ፣ እንደዛ አላሉም።» በአማርኛ ነው። «አናውቅም ነው ያሉት። ሁለቱንም ጊዜ።»

እናቷን በሰው ፊት! ፊቴ ጋለ። ትንሽ ልጅ ብትሆን እዚያው እቆነጥጣት ነበር። አባባ ግን «ተያት እስቲ፣ ትናገር» አሉኝ። መጥታ ማይኩን ከእጄ ወሰደች።

«ማንም አያውቅም» አለች። «እስከዚህ ድረስ ይታወቃል፣ ከዚህ በኋላ ገና ነው። ሥራቸው እሱ ነው።»

አባባ መስፋቱ ራሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። ዳቦ ሊጥ ላይ ጥቁር አዝሙድ አለ አይደል አለቻቸው፤ ሊጡ ኩፍ ሲል አዝሙዱ ይራራቃል፣ ግን አዝሙዱ አልሄደም፣ ሊጡ ነው የሰፋው። መሀል ላይ አባባን «አንተ» አለቻቸውና ደንግጣ «እርስዎ» ብላ አስተካከለች። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ቀጠለች። ከተወለደች ጀምሮ ያን ያህል አማርኛ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ተናድጃለሁ፣ ኮርቻለሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እንጃ።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ አባባ። ብድግ ብለው በምርኩዛቸው ወደ እሷ ቀረቡ። «እናትሽ ፋርማሲ ነው የምትማረው ብላኝ ነበር። ይኼን ከየት አመጣሽው?»

ልጄ ማይኩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ያኔ ፊዚክስ ልማር ነው ብላ ብትናገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አደርጋት ነበር? ምንም። እሷ ግን የእኔን እሺታ ቆማ ጠበቀች። ሰውም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ነበር አባባ» አልኩ። «አሁን ፊዚክስ ነው የምትማረው።»

«ሥራ ይገኝበታል?» አለች አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ ቁርጥ እኔን።

«እማ፣ አር ዩ ሹር?» የልጄ ድምፅ በማይኩ አዳራሹን ሞላው።

ሹር አልነበርኩም፤ እርግጠኝነቱ ከየት ይምጣ? «አባባ ቆመው እየጠበቁሽ ነው» አልኳት፣ «ቀጥዪ።»