የታሸገው ክፍል ሽቦ

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ ዋይፋዩን በገዛ ራሱ ያጠፋ ጀመር። እኔ አበራለሁ፣ እሱ ያጠፋል። ደብረ ብርሃን ጥገና ቤት ብወስደው ባለሙያዋ ጥቂት ነካካችውና፣ «እማማ፣ ለአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ድራይቨር፣ ማለት አዛዥ ፕሮግራም፣ ተጭኖበታል። ሁለቱም ያዙታል፤ አንዱ ሲያበራ ሌላው ያጠፋል» አለችኝ። የቆየውን አውጥታ መለሰችልኝ። ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች፤ እኔ ግን የአንኮበሩ ሬዲዮ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመፍቻዬ በቀር የማምነው አልነበረም። በሐምሌ ወደ አንኮበር ሂጂ ተባልኩ። የአስተዳደሩ ሬዲዮ በየቀኑ በራሱ ይጠፋል፤ ኦፕሬተሩ አቶ ተክሌ ደግሞ በአሻጥር ተጠርጥረዋል። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ይወስዷቸዋል። በዚያ ዘመን የት ተብሎ አይጠየቅም።

የተሳፈርኩበት ጭነት መኪና በጭቃው ሲንሸራተት፣ እኔም የገብስ ቆሎዬን ስቆረጥም ግማሽ ቀን ፈጀን። አንኮበር በክረምት ጉም ነው፤ በሩን ከከፈቱለት እንደ እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል። አቶ ተክሌ የቄስ ልጅ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። ሬዲዮውን አብርተን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ከሳጥኑ ውስጥ «ቀጭ» አለና መብራቱ ጠፋ። የሁለታችንም እጅ ጉልበታችን ላይ ነበር።

«አየሽ ልጄ?» አሉኝ አማትበው። «ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ተሰናብቼ ነው የምወጣው።»

ጀርባውን ፈትቼ ሳየው በንድፉ ላይ የሌሉ ሁለት ሽቦዎች አገኘሁ። ግድግዳውን በስተው ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባሉ። ወጥቼ አየሁት። በሩ ተቆልፎ በሰም ታሽጓል፤ ማኅተሙ አልተነካም፣ ሸረሪት አድርቶበታል።

«የማን ቢሮ ነው?»

«የቀድሞው አስተዳዳሪ። አምና ወሰዱት፤ አልተመለሰም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ከወንበሩ ሳይነሳ ሬዲዮውን ማጥፋት እንዲችል አዞኝ ነው። እሱን ያዙ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ ሲመጣ፣ ገና ስሙ ሲጠራ በግድግዳው ሰምቶ ከወዲያ አጠፋው። እኔ መልሼ አበራሁት። አጠፋው፤ አበራሁት። በሦስተኛው ተወ።»

«ለምን አበሩት?»

«ፈራኋ። መልእክቱ ካልተሟላ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ።»

እርጥበት ነው አልኳቸው፤ ጉሙ ሲገባ የወዲያኛውን ማብሪያ ማጥፊያ ያገናኘዋል። እውነትም ሳይሆን አይቀርም። ሽቦዎቹን ቆረጥኳቸው። በማግስቱ ጉሙ መጣ፤ ሬዲዮው አልጠፋም። ከግድግዳው ወዲያ ግን «ቀጭ» ሲል ሁለታችንም ሰማን። አቶ ተክሌ ወደ እኔ አላዩም፤ እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም።

ሪፖርቴ ላይ «እርጥበት» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ሽቦው አንድ ቃል አላነሳሁም፤ የዘረጉት እሳቸው መሆናቸው ከታወቀ አሻጥሩ ተረጋገጠ ይባል ነበር። አቶ ተክሌን አልወሰዷቸውም።

ላፕቶፑ አሁን ደህና ነው። እሳቸውን በማዳኔ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያ አስተዳዳሪ ቤተሰቦች ምን እንደደረሰበት ሲጠይቁ ኖረው ይሆናል። ለመዳን እንደታገለ ልነግራቸው የምችል፣ ከአቶ ተክሌ ሌላ፣ ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ። ግን ማን ብዬ ልፈልጋቸው? ከግድግዳው ወዲህ ሁለት ቀን ስሠራ ስሙን አልጠየቅኩም።