የልጄን ምሳ ማን በላው?

ልጄ ሁለት ዓመት አልፎት ገና የዓመት ልጅ ሱሪ ይበቃው ነበር። ይበቃው ነበር ስል እንኳ ወገቡ ላይ እየሰፋው በመርፌ ቁልፍ አስይዤለት ነው። ጅማ ደግሞ በዚያ በደርግ ዘመንም ቢሆን የሚበላ የጠፋባት አገር አልነበረችም። ስኳሩና ዘይቱ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይሁን እንጂ ሙዙም፣ አቮካዶውም፣ ወተቱም ደጅ ድረስ ይመጣል። ታዲያ የኔ ልጅ ብቻ ምን ሆኖ ነው የሚመነምነው? አንድ ሰው አንድ ነገር እያደረገብኝ ነው ብዬ ያዝኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።

ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ስወልድ መጥታ አርሳኝ ስትመለስ የሰጠችኝ ምክር አንድ ነበር፤ የልጅን ምግብ ሰው አይየው። በኛ አገር ልጅ የሚበላው ተከልሎ ነው፤ አለዚያ ዓይን ይገባዋል። ስለዚህ በሩን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እስባለሁ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ነጠላዬን ከላይ ጣል አደርግና ማብላት እጀምራለሁ። እምቢ ካለ ጉንጩን ይዤ በመዳፌ እግተዋለሁ። ያለቅሳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ዘመኑም ቢሆን በር የሚያዘጋ ነበር። ቅቤ ያነጠርኩ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት በአጥሩ ሥር እያለፈች፣ «አስተማሪዋ፣ ዛሬ ደግሞ ቤትሽ ሸተተን!» ትላለች። ሰላምታ ነው? ማስጠንቀቂያ ነው? ምን ታውቃለህ! ለቡዳውም ለቀበሌውም ብዬ እቀረቅራለሁ።

ክሊኒክ ወስጄ ሳስመዝነው ነርሷ ሚዛኑን አየች፣ ልጁን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝና፣ «ምንድን ነው የምታበዪው?» አለችኝ። ያባቴ አምላክ! አፈር ነው ልበላት? ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ወጣሁና ሰፈራችን ያለ የቡና ነጋዴ ዘንድ ወስጄ ጆንያ በሚመዝንበት አስመዘንኩት። እሱ ጋ ጭራሽ ቀነሰ። ለነገሩ የቡና ነጋዴ ሚዛን ከገበሬ ሲገዛበት መቼ ሞልቶ ያውቃል! ግን ሁለት ሚዛን ተባብሮ አይዋሽብኝም፤ ልጄ አላደገም።

ባሌ አጋሮ ቡና ማጠቢያ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የልጁን ክንድ በሁለት ጣቱ ይዞ ለካና፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለ። «ሰኮሩ ከተማ እንጥል የሚቆርጥ ሰው አለ፤ አክስቴ ታውቀዋለች። የሚመጣው ቅዳሜ እንወስደዋለን።»

እንጥል ሲቆረጥ አይቻለሁ። ልጁን ሁለት ሰው ይይዘዋል፣ አንዱ ስለቱን ጉሮሮው ውስጥ ይሰዳል። የታላቅ እህቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው።

«እንጥሉ አይደለም» አልኩት። «ምግቡን የሚበላበት ሰው አለ።»

«አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ!»

«ጥላዬ ልጅ አትጠብቅልኝም!»

ልጄን የሚጠብቁልኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ጅማ ተወልደው ጅማ ያረጁ፣ ሙስሊም፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ጠዋት ልጁንና ምሳ ዕቃውን አስረክባቸውና፣ «ጓዳ አስገብተው፣ ለብቻው፣ ሰው ሳያየው ያብሉልኝ» ብዬ እሄዳለሁ። ከሰዓት ስመለስ ምሳ ዕቃው ጥርግ ብሎ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ልጄ ግን ያው ነው፤ ማታም አይበላም። ምግቡ የት ገባ ታዲያ? የልጅ ልጆቻቸውን ሳያቸው ጉንጫቸው ሊፈነዳ ደርሷል። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል የሚሉት ወደው አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። «በላልዎት ወይ?» ስላቸው ደግሞ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ፊት ማዞር ምንድን ነው? ንጹሕ ሰው ፊቱን ያዞራል?

ቅዳሜ ሳይደርስ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበረብኝ።

ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቹን ለቡና ለቀማ ሊወስድ መኪና መጣና ትምህርት በረፋዱ ተቋረጠ። ለልጅ እናት ምሕረት ተደርጎልኝ እኔ ቀረሁ። ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ በጎረቤቴ ጓሮ ዞሬ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ሄድኩ። ምን እንደምላቸው መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር። የመጀመሪያው ቃል «አያፍሩም?» የሚል ነው።

በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ አንድ ትሪ ከበዋል፤ ትሪው ላይ የተቀቀለ ጎደሬ ተቆራርሶ ይጨሳል። የኔ ምሳ ዕቃ ከጎን ተከፍቶ ትልቁ ልጅ እንቁላሉን እየዛቀ ነው። ያዝኳቸው! አፌን ልከፍት ስል በልጆቹ መሀል የመርፌ ቁልፉ ሱሪ ታየኝ። ልጄ ነው። ተንበርክኮ፣ እስከ ክርኑ ተለውሶ፣ ከጎኑ ያለችውን ልጅ በትከሻው እየገፋ ይጎርሳል። ያ እንጥሉ ወርዷል የተባለው ልጅ ጎደሬውን በደንብ እንኳ ሳያላምጥ ይውጠዋል። እኛ ጎደሬን ለእንግዳ የማናቀርበው፣ የችግር ቀን ምግብ ነው የምንለው!

እማማ ብድግ አሉ። ያሰናዳሁት ቃል ጠፍቶኝ፣ «ምሳውስ?» አልኳቸው ብቻ።

«ወላሂ እንዳልሽኝ ጓዳ አስገብቼ ሞከርኩ» አሉ። «ሳህኑን ሲያይ ነው የሚያለቅሰው። ጥርሱን ነክሶ ይውላል። ሳምንት ሆነው፣ ሲጨንቀኝ ከነዚህ ጋር አስቀመጥኩት፤ ማንም አላጎረሰው፣ ራሱ በላ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሞልቶ ብመልሰው አስርባ ዋለች ትዪኛለሽ። ባዶ ብመልሰው በላችብኝ ትያለሽ። በየት በኩል ልለፍልሽ፣ ልጄ? ዓይንሽ እኮ ያስፈራል።»

ዓይንሽ ያስፈራል! ለኔ! ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ዓይን ስከላከል የኖርኩት እኔ ነኝ እኮ።

በዚህ መሀል ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ። አፉ ውስጥ ያለውን ጎደሬ በምላሱ ገፍቶ አወጣና ከንፈሩን ግጥም አደረገ። ነጠላዬን አልነካሁም። «ብላ፣ የኔ ጌታ» አልኩት በለሰለሰ ድምፅ። ከንፈሩን የበለጠ አጠበቀና በቂጡ እየተንፏቀቀ ሄዶ ከእማማ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። ሌሎቹ ልጆችም መብላት አቁመው ያዩኝ ጀመር።

እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወጣ በይለት፣ ልጄ» አሉኝ። «ይብላበት።»

ማንን ከማን ልጅ ነው የሚያስወጡት? እናቱ ነኝ! ልናገር ነበር፤ የከንፈሩን መጨማደድ ሳይ ተውኩት። ወጣሁና ከውጭ በግድግዳው በኩል፣ እንዳያየኝ ተጠግቼ ቆምኩ። ቆይቶ የልጆቹ ጫጫታ ተመለሰ፣ ትሪው ተንኳኳ፣ አንዷ ሳቀች። ከዚያ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«ደበሊ» አለ እማማን።

ኦሮምኛ ነው፤ እኔም ገበያ ስወርድ ጎመን ሻጯን የምላት ነው። ጨምሪልኝ ማለት ነው። እኔን በአማርኛ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።