የወንድሜ ዓይንና የለቡ ግድግዳ

ታላቅ ወንድሜ ለሳኝ ነበር፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የእሱ እጅ ያላረፈበት ቤት ጥቂት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለቡ አንድ ቪላ ላይ አብረን ስንሠራ፣ እኔ ሲሚንቶ አቦካለሁ፣ እሱ ይለስናል፤ ግድግዳው ጎበጥ ሰርጎድ እያለ ያስቸግረው ጀመር። እጁም ዘገምተኛ ሆነ። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት አፉን ሊያሸት ይጠጋዋል።

«ሽማግሌው፣ ዛሬስ ስንት መለኪያ ነው?»

«ኧረ በማርያም፣ ጠላ እንኳ አልቀመስኩም! ግድግዳው አልታይ እያለኝ ነው።»

«ግድግዳ የሚያክል ነገር?»

ሠራተኛው ሁሉ አውካካ። ፎርማኑም ጤነኛ ሳትሆን እንዳትመለስ ብሎ አባረረው።

ዓይን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ነጭ ሰሌዳ ላይ ባለ ሦስት እግር ጥቁር ምልክት እያሳዩ «እግሩ ወዴት ዞሯል?» ይሉታል። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ በእጁ አሳያቸው።

«አባባ፣ የእርስዎ ዓይን ከእኔም ይሻላል። ይልቅ መጠጡን ይቀንሱ» አለችው መርማሪዋ።

ጥቁር በነጭ ላይማ ማን አያይም! የእሱ እንጀራ ግራጫን ከግራጫ መለየት ነው። ያንን ማንም አልጠየቀው።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ፓርኪንሰን ነው አለን፤ አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር እያነሰው ነው። ያው ዶፓሚን በዓይን ውስጥ ከኋላ ባለው ስስ ሽፋን፣ በሬቲናም ሥራ አለው። ብርሃን ሲኖር ጎን ለጎን የተያያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ትስስር ላላ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ለይቶ ይናገራል፣ ጠርዝም ጎልቶ ይታያል። ሲያንስ የአንዱ መልእክት ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ደማቁ ይተርፋል፣ ፈዛዛው ልዩነት ይጠፋል። ያኔ ግማሹም አልገባኝም። ጎልምሼ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ራሴ ሳነበው ነው ደሜ የፈላው። ሰውየው የነገራቸው እኮ እውነቱን ነበር!

ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን ሲጀምር እጁ ፈታ አለ፣ ግድግዳውም ይታየው ጀመር። ለቡ ተመለስን። ፎርማኑ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ ለስነህ አሳየኝ አለው። ለሰነው። ፎርማኑ ቀጥ ያለ ጣውላ በዚህም በዚያም ቢደግፍበት አንድ ክፍተት አላገኘም።

«አየህ? በሽታ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» አልኩት።

«በሽታውን ለሐኪሙ ንገር። የቪላው ባለቤት ዘንድ ሰካራም ይዟል ተብዬ ስሜ ጠፍቷል። ከፈለገ ካንተ ጋር ያቡካ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ወንድሜ።

እሺ ጌታዬ! ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ያቀና ሰው አካፋ አንስቶ፣ ትናንት እሱ ላስተማረው ለሳኝ ሲሚንቶ ያቀብል ጀመር።