በደወላችን ላይ ያለው ሰውዬ

ጋሉስ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር በምኖርበት ሕንጻ መግቢያ ላይ አስራ ስድስት የደወል ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ከላይ ሁለተኛው የእኔ ነው። እሱ ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ስም አይደለም። የአባቴም አይደለም። የአባቴ አባት ስም ነው። ሰውዬው ፍራንክፈርት የሚባል ከተማ መኖሩን ሳይሰማ ወሎ ውስጥ የሞተ ነው፤ እኔም አንድ ቀን አላየሁትም። በወጉ «እሳቸው» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ በእሱ ስም ስጠራ ኖሬ፣ አሁን ማክበሩ ስለሚተናነቀኝ «እሱ» ብዬ ብጠራው ይቅር በሉኝ።

ነገሩ የሆነው እዚህ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። በመመዝገቢያው ቢሮ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊት ለፊት ሁለት ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ነበር፤ አንዱ ለፎርናሜ፣ ማለትም ለራስ ስም፣ ሌላው ለናህናሜ፣ ለቤተሰብ ስም። እኔ ይዤ የመጣሁት ደግሞ ሦስት ነው፤ የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን። አስተርጓሚው «እነሱ የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ ያላቸው የአባት ስም ነው» ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። በሴትዮዋ አልፈርድም፤ ሦስት ሰው በሁለት ወንበር ማስቀመጥ ነበረባት። የመጨረሻውን አነሳችና ናህናሜ ላይ ጻፈችው። የራሴንና የአባቴን ስም አንድ ላይ አድርጋ ፎርናሜ ውስጥ ከተተቻቸው። እዚህ አገር ሰው ለልጁ ሁለት ሦስት ስም ያወጣ የለ? አባቴም እንደዚያ ሆኖ የእኔ ሁለተኛ ስም ሆነ። የዚያን ቀን የሚያሳስበኝ የማድርበት ቦታ ነበርና ዝም ብዬ ፈረምኩ።

ቆሽቴ ማረር የጀመረው ቆይቶ ነው። ከሁላችን መርጣ መርጣ እሱን! አባቴ እናቴን ሲያገባ «ወገኗን የማናውቃት ባዳ» ብሎ ደጁን የዘጋበት ሰው ነው። ሰርጉ ላይ አልተገኘም፤ እኔ ስወለድም አልመጣም። ወገብ እስኪጎብጥ ሠርቶ ያስተማረኝ፣ ስሄድም አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ የቀረው አባቴ ነው። ታዲያ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር፣ ሐኪም ጋ በተጠራሁ ቁጥር፣ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ደረቴ ላይ ባጁን በሰካሁ ቁጥር የምሸከመው ያንን ሰውዬ ሆነ። ቤት ስገባ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ እየወረወርኩ «ይኸው ሰውዬው ደግሞ ተጻፈለት» እል ነበር።

ይህን ሁሉ የምትሰማው ልጄ ናት። አባቷ እሷ ሳትወለድ ሌላ አገር ሄዶ እዚያው ስለቀረ፣ ናህናሜዋ የእኔው ሆነ። ያም ማለት ልጄ እዚህ አገር በቅድመ አያቷ ተጠርታ አደገች ማለት ነው። እሷ የምታውቀው ግን አባቴን ነው። ለእኔም አባባ፣ ለእሷም አባባ። እሁድ እሁድ በስልክ ያወሩ ነበር። እሷ ጀርመንኛ እየደባለቀች ትነግረዋለች፤ እሱ ምንም ሳይገባው «ጎሽ፣ ጎሽ የእኔ ልጅ» ይላታል። አማርኛ ከእኔ ይልቅ ያስተማራት እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞት ከእኔ ብሳ ያለቀሰችው እሷ ነበረች፤ የፍራንክፈርት ሐበሻ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ እሷን ሲያጽናና ዋለ።

አሁን ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዚንድሊንገን ሰፈር ካሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች በአንዱ ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ሳክሰንሃውሰን ከእጮኛዋ ጋር ነው። ልጁ ጀርመናዊ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እኔ ቤት ሲመጣ ጫማውን ሳይነገረው የሚያወልቅ። አንድ የሚያዝያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣችና «ማማ፣ ቴርሚን አገኘን። መስከረም ላይ» አለችኝ። ሽታንዳምት፣ ማለትም ጋብቻ የሚፈርሙበት ቢሮ፣ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል ማለት ነው። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ እልል አልኩ።

እልልታዬ ሳይበርድ «ደግሞ የእሱን ስም ልወስድ ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። «በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም!» አልኳት። «ባል ይመጣል፣ ባል ይሄዳል፤ አባት ይቀየራል እንዴ?»

«ግን ስሙን የያዝኩት ሰው አባቴ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «አንቺ ራስሽ ‹ሰውዬው› ነው የምትይው።»

ይባስ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሷ ነገሩን ልታበርደው ብላ ስልኳን አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ስም ጀርመን ውስጥ የት የት እንዳለ በካርታ የሚያሳይ ገጽ አለ። መጀመሪያ የእጮኛዋን ጻፈች፤ ትርጉሙ እህል ፈጪ ማለት ነው። ካርታው ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን ከላይ እስከታች ቀላ። የድሮ ሰው ወፍጮ ካለው በወፍጮው ይጠራ ነበር፣ ወፍጮ ደግሞ የሌለበት መንደር የለም አለችኝ። ቀጥላ የእኛን ጻፈች። አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ፍራንክፈርት ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ታየች።

«እኔና አንቺ ነን» ብላ ሳቀች። «ከመስከረም በኋላ አንቺ ብቻ።»

እኔ አልሳቅኩም። «አገር ቤት ይህን ስም ገበያ መሃል ብትጠሪው አምስት ሰው ይዞራል» አልኩ።

«ናህናሜያቸው ነው?»

«አይደለም። የራሳቸው ስም ነው።»

«ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ባዳ የነበረ ሰው ዘመድ እንዲሆን የሚመኝ ስም ነው። ዘመድ የሌላት እናት ለልጇ ያወጣችው ይመስለኝ ነበር። ልጄ «ያምራል» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። እኔ ግን ያ ነጭ ካርታ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ፣ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝን ነገር ተናገርኩ። «ከቀየርሽው ሰርግሽ ላይ የለሁበትም» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጃኬቷን አንስታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች፤ በኃይል ዘግታው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። በአረጋውያኑ ቤት አንዲት ሴትዮ ፀጉሯን ሳበጥርላት «ዛሬ አትዘፍኚም?» አለችኝ፤ ለካ ሳበጥር እዘፍን ኖሯል። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። በምጠላው ሰውዬ ስም የተነሳ እሷን ላጣ መሆኔ ይገባኛል፤ ግን እልክ ያዘኝ፣ እጅ መስጠት አልቻልኩም።

በመጨረሻ ደሴ ያሉት አክስቴ ጋ ደወልኩ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ። እውነቱን ለመናገር የደወልኩት እንዲፈርዱልኝ ነው። «ልክ ነሽ» ይሉኛል፣ እኔም ለልጄ «አክስቴ እንኳን ልክ ነሽ አሉኝ» እላታለሁ ብዬ ነበር። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

«ቆይ ቆይ» አሉኝ። «በአባታችን ስም ነው ልጅቷ የምትጠራው? ምን አገናኛቸው?»

«እዚህ እንደዚያ ነው የጻፉት፣ አክስቴ።»

«ምነው፣ የወንድሞችሽ ልጆች እንኳ የማይጠሩበትን!»

እውነታቸውን ነው። የወንድሞቼ ልጆች የራሳቸውን፣ የወንድሞቼንና የአባቴን ስም ይዘዋል፤ ሰውዬው እነሱ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። እኛ ዘንድ ልጅ ሲመጣ ከላይ ያለው አንድ ይወርዳል፤ ማንም አያዝንም፣ ማንም ደግሶ አይሸኘውም። ይህንን በሕይወቴ ሙሉ እያወቅሁት አንድ ቀን አላሰብኩትም ነበር።

«ለመሆኑ ስሙን ያወጡላቸው እናታቸው ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የምን እናት! እናታቸውን ማን አይቷት። ነጋዴዎች ይዘዋቸው ሲያልፉ ታመውባቸው፣ የሰው ደጅ የጣሏቸው ልጅ ናቸው እኮ። የዚያ ቤት ሰዎች አስታመው አዳኗቸውና ያን ስም አወጡላቸው። የፊተኛውን ስማቸውን እሳቸውም አያውቁት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ባዳ ሆነው መጥተው እናቴን እንዴት ባዳ ናት ይላሉ?»

«እሱን አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ አኩርፈው በሁለተኛው ቀን ነው ያናገሩኝ። ፈርተው ይሆናላ። አንድ ጊዜ የተጣለ ሰው ምን ያምናል?» ቀጠሉና «አባትሽ የሰርጉ ዕለት ዘፈኑ አልጣመው፣ ምግቡ አልጣመው፣ በሩን በሩን ሲያይ ዋለ። ይመጣሉ ብሎ። ሙሽራዋ አጠገቡ ተቀምጣ እሱ በሩን ነው የሚያየው» አሉኝ።

አባቴ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«እና አንቺ አሁን የልጅሽ ሰርግ አልሄድም ነው የምትይኝ?» አሉ። «ከእሳቸው የወረስሽው ስሙን ብቻ መስሎኝ።»

በማግስቱ ከጠዋት ፈረቃ እንደወጣሁ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ትራም ላይ ወጣሁ። ማይን ወንዝን ስንሻገር፣ ያ ስም አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በሰላም ያልቅ እንደነበር አሰብኩ። ያቆየው ጀርመን ነው። እኔ «የእኛ ወግ» እያልኩ የተሟገትኩለት ነገር የጀርመን ቅጽ ነበር፤ ልጄ ደግሞ ሳታውቀው የእኛን ወግ እያደረገች ነው። ብቻዬን ትራም ውስጥ ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ዕቃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። «የፈለግሽውን ስም ያዢ፣ እኔ እመጣለሁ» አልኳት ገና ደረጃው ላይ ሆኜ፤ ካደርኩበት ሐሳብ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው። አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን፤ ዝምተኛው ልጅ ሻይ አፈላ። የነጋዴዎቹን ታሪክ ነገርኳቸው። ሲመሽም ልጄ «ማማ፣ ምስክር ሁኚልኝ» አለችኝ። «ምስክር ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ስሙ ከእኔ ጋር እዚያው ወረቀት ላይ ይቆይ።»

መስከረም ላይ፣ የደነዘዘ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ፣ ሽታንዳምት ገባን። እኔ ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ነበር፤ የልጁ እናት አበባ ታቅፈው አጠገቤ ተቀምጠዋል። አጋቢው ሹም ጠየቃቸው፣ ሁለቱም እሺ አሉ፣ ወረቀቱ ወደ ልጄ ዞረ። አዲሱን ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈችው፤ ትምህርት ቤት እንደገባች ሰሞን ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ ብላ። አላመመኝም ብል እዋሻለሁ።

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ሹሙ በትሕትና «ናህናሜዎ ብቻ ይበቃል» አለኝ።

«አይበቃም» አልኩና ሦስቱንም ጻፍኩ። የራሴን፣ የአባቴን፣ የሰውዬውን። የእሱን ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደድኩም፤ ሰው ደጅ ላይ በትኩሳት የተኛ ልጅ ነበር የታየኝ።

ልጄ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች። «ማማ፣ ሁለተኛ ስምሽንም ትጽፊዋለሽ?» አለች እየሳቀች። «ተጠቅመሽበት አታውቂም እኮ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልቀለደችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአባቴን ስም መታወቂያዬ ላይ ስታየው የኖረችው የእኔ ሁለተኛ ስም መስሏት ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ እናቶች ሁለት ሁለት ስም እንዳላቸው። እሱ ለእሷ አባባ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «አባቷ ሞተው» ነው ያለው። ስለዚያ ደጅ ስለዘጋው ሰውዬ ስነግራት፣ ስሙን ስተረጉምላት፣ ስሟገትለት ከርሜ፣ የምትወደውን ሰው ስም አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም።

«ሁለተኛ ስሜ አይደለም» አልኳት። «አባባ ነው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ሹሙ ብዕሩን ይጠብቃል፤ የልጁ እናት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አበባውን እንደታቀፉ ያዩናል። ልጄ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል በጀርመንኛ አነባበብ አነበበችው። አስተካከልኩላት። ደግማ፣ አሁን በትክክል፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አባቴን በስሙ ጠራችው።