የሳቂታ አሥራ አንድ ገጽ

«ሳቂታ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት አንደኛ ዓመት እያለች ነው። ዛሬ የሦስተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ናት፤ ከሳቀች ወራት ቢያልፉም ስሙ አልለቀቃትም።

አምስት ሆነው የሚሠሩት የቡድን ሥራ የሚገባው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ ያልተጻፈ ዜሮ ያገኛል፤ ዜሮ ያገኘ ደግሞ ዓመቱን ይደግማል። ከስብሰባ ሁለቴ የቀረ ይሰረዛል የሚለውን ሕግ ያወጣችው የቡድኑ መሪ ናት፤ በየስብሰባው ስም መጥራት ስለምትወድ ሊቀመንበሯ ይሏታል። ሳቂታ ሁለቴ ቀርታለች።

የሚያናድደው፣ ድርሻዋን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳለች። የከፍታ ስሌቱ፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ ፍራሿ ሥር ተኝቷል። ሊቀመንበሯ ያለችው በሚቀጥለው ዶርም፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሄዶ «ይኸው» ማለት ብቻ! ሌላ ሰው በካልሲው ደርሶ የሚመለስበት ጉዳይ ነው። ለእሷ ግን መነሣቱ፣ ማንኳኳቱ፣ «የት ጠፋሽ?» ሲሏት መልስ መፈለጉ፣ አንዱም አልቻል አላት። በስልኳ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። አራት ጊዜ። አብራት የምታድረው ልጅ «አኩርፈሽኝ ነው?» ብትላት፣ አይደለም የምትልበት አቅም አጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷም ተቀየመች።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሳቂታ የሊቀመንበሯን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተኝታለች» አለች ልጅቷ።

«በዚህ ሰዓት? የመታወቂያ ቁጥሯን ፈልጌ ነበር። ሽፋኑን ላሳትም ነው።»

«አልተሰረዘችም እንዴ? ሕግሽስ?»

«ተይኝ እባክሽ። ስሌቷን ሦስት ቀን ሙሉ ስሠራላት ወገቤ ተቆረጠ። ዓመት ስትደግም ቆሜ ልያት?»

ሳቂታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና አፈረች፤ ከማፈር አልፋ አመማት። እጇን ፍራሹ ሥር ሰድዳ ወረቀቱን ሳበችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሯ ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ፊቷ ቀላ።

«መቼ ነው የሠራሽው?»

«በመጀመሪያው ሳምንት።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? እንዲህ ታለፊኛለሽ?»

ሳቂታ ይቅርታ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደክሞኛል» አለች። «ሁሉም ነገር ደክሞኛል።»

ሊቀመንበሯ ቁጣዋን ተወችው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የጀመረሽ?» አለቻት።