ከሮቢት በታች የቆረጥሁት ክትር

ሰኞ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ

ከኮምቦልቻ የተነሳነው ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዘመኑ ስልሳ ስድስት፣ ወሩ ሰኔ ነበር። እኔ ትራክተር ነጂ ነኝ፤ የተላክሁት ከሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ የሚወስደውን የቆላ መንገድ እንድደለድል ነው። መንገዱን ጎርፍ ስለቦረቦረው እህል የጫነ መኪና አያሳልፍም። አለቃዬ ሲያሰናብተኝ፣ «መራመድ የቻለው ሰው ዋናው መንገድ ዳር ደርሷል። መንደር የቀረው መራመድ ያቃተው ነው። እስከ ሐሙስ መኪናው መግባት አለበት» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሐሙስ የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።

ትራክተሩን ከባድ መኪና ላይ ጭነን በሰንሰለት አሰርነው። ከኋላው የሚገጠመውን ብረት ደግሞ አጠገቡ አጋደምነው። ብረቱ ክዳንና ወለል የሌለው ሣጥን ይመስላል፤ ጀርባውና ሁለት ጎኖቹ የተዘጉ ናቸው፣ ከጀርባው ሥር ስለት አለው፣ ከስለቱ ፊት ደግሞ አምስት ጥርሶች ይወርዳሉ። ጥርሶቹ መሬቱን ይፍቃሉ፣ ስለቱ ይልጋል፣ ሣጥኑ አፈሩን ይዞ ሄዶ ጎድጓዳው ላይ ያራግፋል። እኛ ነጂዎች በአጭሩ «ሣጥኑ» እንለዋለን።

መኪናውን የሚነዳው ይመር የሚባል የሐይቅ ሰው ነው። ይመር በሕይወቱ ቸኩሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ተቀምጦ መሄድ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሌለበትን ወለል ስረግጥ፣ ዳገቱ ላይ ነዳጅ የሌለበትን ስገፋ ብውል ይመር ሰለቸው።

«ከበደ፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ! ወለሉን ልትበሳው ነው።»

«ትንሽ ብትነዳው እኮ እኔም አልረግጥም ነበር።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» አለና ማርሹን ጭራሽ ቀነሰው።

መርሳ ላይ ምሳ በላን። ሽሮው ትኩስ ነበር፣ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። ግማሹን ሰጥቼ ወጣሁ። ስጥ የሚል እጅ ስለበዛ እንኳ አልነበረም፤ አንድም እጅ አልተዘረጋም፣ ያስወጣኝም እሱ ነው። ወልድያ አደርን።

ማክሰኞ፣ ጎብዬና ሮቢት

ከወልድያ ወደ ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጫነን። ጎብዬ ገበያ ላይ አንድ ሰው ቀይ በሬ ይዞ ቆሟል። ይመር ዋጋውን ቢጠይቀው፣ «ማሽላ ካለህ በግማሽ ጆንያ ውሰደው» አለ። በሬው ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ የሚገዛውም ሰው አልነበረም። ሰውዬው ግን በጁ ገመዱን እያሻሸ ወደሚያልፈው ሁሉ ያያል።

ሮቢት ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቷል። ከፊሉ በጆንያ ቁራጭ ጥላ ሠርቷል፣ ከፊሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። የእህሉን መጋዘን የሚጠብቀው ጸሐፊ እህሉን አሳየኝና፣ «ይኸው እህሉ፣ ያው መንገዱ» አለ። የሚቀረው የኔ ሥራ ብቻ ነው ማለቱ ነበር። ምሽቱን ሙሉ ሣጥኑን ስገጥምና ስፈታ ቆየሁ። ተገጥሞ ያለቀውን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምሁት።

ረቡዕ፣ የመጀመሪያው ቀን ሥራ

ሥራ ስጀምር ጥድፊያዬ ጉድ አደረገኝ። ጥርሶቹን እስከ አንገታቸው አውርጄ ነዳሁ። ትራክተሩ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። መንገዱም ከመስተካከል ይልቅ እንደ ታረሰ እርሻ ተገለበጠ። ወርጄ ሣጥኑን ከትራክተሩ የሚያያይዘውን የላይኛውን ዘንግ አስተካከልሁ። ዘንጉ ሲያጥር ሣጥኑ ወደፊት ዘንበል ብሎ ይነክሳል፤ ሲረዝም ወደኋላ ጋለል ብሎ ይልሳል። መጀመሪያ ማስነከስ፣ ቀጥሎ ማስላስ ነው። አንድን ቦታ በአንድ ጊዜ ልቁረጥ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራዋል። ይህ ዐሥር ዓመት ያወቅሁት ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ ተማርሁት።

ከሰዓት በኋላ እጄ ገባ። ጉብታውን እየላግሁ፣ ቦዩን እየሞላሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመንገዱ ግማሹን አለፍሁ። ስመለስ ይመር፣ «ዛሬ እንኳ እግርህ ሥራ አገኘ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐሙስ፣ ረፋድ አራት ሰዓት

መንደሩ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረኝ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ረጅም የአፈር ቁልል አገኘሁ። ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ላዩ ላይ የግራር እሾህ ተጎንጉኖበታል። ጎርፍ የከመረው ደለል መሰለኝ። በሩቁ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያውለበለቡ ይጮኻሉ። ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማኋቸውም። ሰላምታ መሰለኝና እጄን አውለብልቤ መለስሁላቸው።

ቁልሉ አፈሩ ለስላሳ ነበር፣ ሣጥኑ እንደ ቅቤ ነው የቆረጠው። መኪና የሚያሳልፈው አንሶኝ ግራና ቀኙንም ጨመርሁ፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ላግሁና አፈሩን ከፊት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሞላሁ። ደስ አለኝ። ሐሙስ ነው፣ መንገዱም አለቀ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በትር ይዘው እየተጣደፉ መጡ። ትራክተሩ ፊት ቆሙ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ቁረጥ አለህ?»

«መንገድ እየደለደልሁ ነው አባቴ። ዛሬ እህል የጫነ መኪና ይመጣል።»

«መንገዱንማ ደልድል፣ አላህ ያግዝህ። ይኸ ግን ክትር ነው!»

ስማቸው አያ እንድሪስ ነው። ለካ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፍ ሲመጣ ለየማሳው የሚያከፋፍሉ፣ ሰው መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ። በበትራቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላስታ ተራሮች አመለከቱኝ።

«ዝናቡ እዚህ አይደለም የሚዘንብ፣ ኸዚያ ነው። ጎርፉ በዚህ አሸዋ ይወርዳል። ክትሩ ኻገኘው ወደ ማሳው ይታጠፋል፣ ኻላገኘው አልፎ ሂዶ በረሃ ይጠጣዋል። ጅጉርቲያችን ይኸው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። የመጨረሻው ዘር ነው። ይኸን ክትር ኸሠሩት ውስጥ ሦስቱን ቀብረናል።»

ማሳውን ያን ጊዜ አየሁት። ጅጉርቲ የሚሉት ማሽላ ከቁልሉ ወዲያ ቀጭን ሆኖ በቅሏል፣ ቅጠሉ ከጥማት ተጠቅልሏል። አፈርሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። «መኪናው ይለፍ፣ ነገ በጠዋት መልሼ እሠራዋለሁ» አልሁ።

«ነገ? ውሃ ቀጠሮ ይሰጣል?» ቀና ብለው አዩ። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል። «አሁን ዝጋው።»

«መኪናውስ አያ? መንደር ውስጥ የተኙት ሰዎች...»

«የተኙት የኔ ሰዎች ናቸው። እህልን ሰው ይሸከመዋል። ውሃን ማን ይሸከመዋል?»

ሞተሩን አስነሳሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

አያ እንድሪስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ከየጎጆው ወጡ፤ አንዳንዱ መሣሪያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎታል። በደህናው ዘመን ለክትር ጥሪ ያልወጣ ሰው ውሃ አያገኝም፣ ሕጉ ነው። «ዘንድሮ ግን ላልወጣውም ልናጠጣ ተማምለናል» አሉኝ አያ እንድሪስ። «ያልወጣው ሰንፎ አይደለማ።»

እኔ ቀጥ አድርጌ ልዘጋው ነበር። እሳቸው በበትራቸው ሰያፍ መስመር አሰመሩ። «ውሃን ፊት ለፊት አትግጠመው፣ ያሸንፍሃል። ወደ ጎን ጥራው።» አፈር ከአሸዋው ዳር እየላግሁ፣ ሣጥኑን ሞልቼ እያመጣሁ በስሱ አራግፋለሁ፤ ከዚያ በጎማ እረግጠዋለሁ፤ እንደገና አፈር፣ እንደገና ጎማ። ሰዎቹ እሾሁን ይጎነጉናሉ። በየመካከሉ ወደ ተራራው አያለሁ። መብረቁ ይታያል፣ ድምፁ ግን ገና ነው።

ሽማግሌው ከላይኛው ጫፍ አስጀምረው እያንዳንዱን እርምጃ አስረገጡኝ። ዐሥር እርምጃ ሲቀረን ከወደ ላይ የድንጋይ መንከባለል የሚመስል ድምፅ መጣ።

«ውጣ! ተዋት ያቺን!»

«አፈሩን ጥያለሁ፣ መርገጥ ብቻ ነው የቀረኝ!»

«ውጣ አልሁህ!»

ትራክተሩን ዳገቱ ላይ እንዳወጣሁት ጎርፉ ደረሰ። ቡናማ ነው፣ ግንድ ይዟል፣ አቧራውን ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ክትሩን መታው። ውሃው ቆመ፣ አበጠ፣ ከዚያ በሰያፉ ተከትሎ ወደ ማሳው ታጠፈ። ሰዎቹ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ቦዮቹን ለመክፈት ሮጡ፤ ሮጡ የምለው እንደ አቅማቸው ነው። ከላይ ያሉት ማሳዎች አንድ በአንድ ጠጡ። መጨረሻ ላይ ግን ያልረገጥኋት ዐሥር እርምጃ ተናደች። የተረፈው ውሃ በዚያ ሾልኮ ወደ በረሃው ወረደ። ከሥሯ ያለው ማሳ ደርቆ ቀረ።

ጎርፉ ሲጎድል ይመር ከሮቢት እህሉን ጭኖ ደረሰና መኪናውን ከክትሩ ወዲህ አቆመ። ሰዎቹ ጆንያውን ለሁለትና ለሦስት እየተጋገዙ ክትሩን ተሻግረው ወሰዱት። እኔም ተሸከምሁ። ያን ጊዜ የጠዋቷን አሮጊት አጠገቤ አገኘኋቸው። ያ የደረቀው ማሳ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የማን ይሆናል? የአያ እንድሪስ ነዋ። የውሃ አባት ማሳ መጨረሻ ነው የሚጠጣ። እንዲያ ነው ደንቡ፣ ለራሱ እንዳያደላ።»

አያ እንድሪስ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ይዘው ሲያልፉ አየኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቀረብሁ። «ይዘህ አግዘኝ እንጂ» አሉና ሌላኛውን ጫፍ ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

አርብን የተናደውን ዐሥር እርምጃ ስረግጥና ከክትሩ ጎን ለመኪና የሚሆን መሻገሪያ ሳበጅ ዋልሁ። ቅዳሜ ስንመለስ ይመር ያለ ልማዱ ፈጠን ብሎ ነዳ፤ እኔ ነበርሁ ቀስ በል ያልሁት። አለቃዬ መንገዱ ተከፍቷል መባሉን ሰምቶ ተደሰተና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሣጥኑን ከማውረዴ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፤ በእግሬ ሄጄ የሰፈሩን ሰው፣ «ይህን አፈር እዚህ ያኖረው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህም ነጂዎቹ ይስቁብኛል።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘነበች ሁሉንም ነገርኋት። እራቱን እያቀረበች ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ጎርፉ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ መጣ?» አለችኝ።

«እስከ ትናንት አልመጣም።»

«ታዲያ ሽማግሌው ለከርሞ ምን ሊበሉ ነው?»

እጄን ታጥቤ ገበታው ላይ ተቀምጫለሁ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንጀራውን አልቆረስሁም።