የአርባ ዘጠነኛው ወንበር ተሳፋሪ

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። አንድም ሰው አልገጨም፤ አንድም ቀን መንገድ ስቶ አያውቅም። ሰው ግን የሚያነሣው ያሳመርከውን ሳይሆን ያበላሸኸውን ነውና ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም «አርባ ስምንት» ነበር።

ስሙ የወጣው እንዲህ ነው። በዚያ መስመር ሁለት ድርጅቶች በአንድ ሰዓት አውቶቡስ ያስነሡ ነበር። ቀድሞ የገባው የማግስቱን ተሳፋሪ ይወስዳል። አንድ ቀን ከምሳ ማረፊያው የተፎካካሪው አውቶቡስ አቧራውን አስነሥቶ ሲወጣ አየና ደሙ ፈላ። ረዳቱን «ሞልቷል?» ብሎ ጠየቀው። ረዳቱም ጥርሱን እየፋቀ «ሞልቷል፣ ንዳው!» አለው። ነዳው። ቀድሞም ደረሰ። ሲያወርድ ግን አርባ ዘጠኝ የነበሩት ሰዎች አርባ ስምንት ሆነው ተገኙ፤ አንዲት ቡናማ ሻንጣም ባለቤት አጣች። ባለቤቷ፣ አንድ አዛውንት፣ መጸዳጃ ቤት ሄደው ኖሯል።

ባዶ አውቶቡስ ይዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ነዳ። አዛውንቱን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኛቸው። የስድብ ናዳ ሊወርድበት ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ። እሳቸው ያሉት ግን «ሻንጣዬ ደኅና ናት?» ብቻ ነበር። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በመተላለፊያው እየሄደ፣ የየወንበሩን ራስ በእጁ እየነካ ሳይቆጥር ሞተር አስነሥቶ አያውቅም። ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

በአምሳ ስምንት ዓመቱ የግራ ዓይኑ ከዳው፤ መንጃ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲተች ከረመ። «ይኼ ፍሬን ጨራሽ!» «ይኼ ደግሞ ማርሽ ነው ሚቀይር ወይስ ወፍጮ ነው ሚፈጭ?» ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እቤት ትሰፋለች። ስድስት ወር ሙሉ የሰው ማርሽ መስማት ማንንም ያንገሸግሻል። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ኮምፒውተር ለምትጠግነው ልጃቸው ደወለችና «አባትሽን ወይ ውሰጂው ወይ ሥራ ስጪው» አለቻት።

ልጅቷ ያገለገለ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሪ ይዛ መጣች። የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጫነችለት፤ ሲነዳ ሌሎች በቀጥታ የሚያዩበትንም መንገድ አሳየችው።

«ማን ነው ሥራ ፈትቶ እኔን ሚያይ?» አላት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ሰው ማያየው ነገር የለም» አለችው።

እውነቷን ነበር። መሪው የታሰረው የስፌት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን በረገጠች ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ተመልካቾችም «ዛሬ መንገዱ ኮረኮንች ነው» እያሉ ይጽፉለታል። እሱ በጨዋታ ውስጥ እንኳ ቀይ መብራት አይጥስም። ከመነሣቱ በፊት በጨዋታው ካሜራ አውቶቡሱን ዞሮ ጎማ ያያል። ሌሎቹ ተጫዋቾች እየጮኹ፣ እየተኮሱ፣ እየተሳደቡ ተመልካች ሲሻሙ እሱ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር እየነዳ ስለ ሞተር ዘይት ያወራል። የደከመው ሰው እሱ ዘንድ ይመጣል።

ቆጠራውንም አልተወም። በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበር ይጠራል፤ የወንበሩ ባለቤት «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። አርባ ዘጠኝ ወንበር፣ አርባ ዘጠኝ ሰው። ከዚያ በላይ የመጣ ማየት ይችላል እንጂ ወንበር የለውም፤ «ትርፍ መጫን ክልክል ነው» ይላል፣ ትራፊክ ፖሊስ የቆመበት ይመስል። የስሙን ታሪክ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ ነግሯቸዋል፤ ሌላ ሰው ሳይነግርበት በፊት።

አርባ ዘጠነኛው ወንበር የኋለኛው ረድፍ ጥግ ነው። እዚያ የተቀመጡት ሰው ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ስማቸው የተደረደረ ቁጥር ነው፤ ከ«አለሁ» ሌላ የሚጽፉት አውቶቡሱ ሲደርስ «ደኅና ገባን» የሚል ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን አልቀሩም። ሾፌሩ ከሁሉ ይልቅ የሚወዳቸው እሳቸውን ነበር። ዝም ብሎ የሚሳፈር ሰው ለሾፌር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ ዓመት ጨዋታ በቀጥታ የሚታይባቸው ሁለት መድረኮች ፉክክር ተያይዘው ነበር። ሰው በቀለማቸው ቀዩና ሰማያዊው ይላቸዋል። ሾፌሩ የሚነዳበት ቀዩ ነባር ነው፤ ሰማያዊው ኪሱ የከበደ መጤ። ሰማያዊው መጀመሪያ ዝነኞቹን ተጫዋቾች አንድ በአንድ በውል አስኮበለለ። ቀዩ የጎደለበትን ለመሙላት ማስታወቂያ ሲያበዛ ተመልካቹም ተማርሮ ኮበለለ። ሰማያዊው ዝነኞቹን ሲጨርስ ወደ መካከለኞቹ፣ ከዚያም ወደ ትንንሾቹ ወረደ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ አንዳንዴ ግን ሣሩንም አባብለው ይወስዱታል።

የሰማያዊው ሠራተኛ በስልክ ስትደውልለት ድምፅዋ የለሰለሰ ነበር።

«ጋሼ፣ ተሳፋሪዎችዎን ይዘው ወደኛ ይምጡ። አዲስ መሪ ከነፔዳሉ እንልክልዎታለን። የፊት ገጻችን ላይ እናወጣዎታለን።»

የመናኸሪያ ደላላ መሆኗን ወዲያው ለየ። ቢሆንም የፊት ገጽ የሚለው ነገር ልቡን ነካው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶው የወጣው መንጃ ፈቃዱ ላይ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ክር በጥርሷ እየቆረጠች «ሁለት ባላ ትከል ነው ሚባለው፤ ቀዩንም እንዳትለቅ» አለችው።

«ውሉ አንድ ባላ ነው ሚለው። እዚያ የነዳ እዚህ አይነዳም።»

«እንግዲያው ቆጥረህ ሂድ» አለችና መኪናዋን ረገጠች።

ፈረመ። ዓርብ ዕለት ለተሳፋሪዎቹ ከሰኞ ጀምሮ ከሰማያዊው እንደሚነሡ ነገራቸው። አርባ ስምንቱ «እሺ»፣ «እንከተላለን»፣ «የት አባታችን እንቀራለን» እያሉ ጻፉ። አርባ ዘጠነኛው ወንበር «መልካም መንገድ» አለ። ሾፌሩ አመስግኖ አለፈ።

ሰኞ በአዲሱ መሪ፣ በአዲሱ መድረክ ጠራ። አንድ፣ አለሁ። ሁለት፣ አለሁ። እስከ አርባ ስምንት ሄዶ አርባ ዘጠኝን ሲጠራ መልስ አልመጣም። ደግሞ ጠራ። ሞተሩን አስነሥቶ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። የፊት ገጹ የላካቸው አዳዲስ ሰዎች «ሾፌሩ ተኛ እንዴ?» ማለት ጀመሩ። ሠራተኛዋም በግል «ጋሼ፣ ሰው እየወጣብን ነው» ብላ ላከችበት። ነዳው።

መድረሻው ላይ ቆሞ «ደኅና ገባን» የሚል ሲፈልግ ነው ነገሩ የገባው። መልካም መንገድ የሚለው ሸኚ ነው፤ የሚሳፈር ሰው አይልም። እሳቸው ዓርብ ዕለት በሩ ላይ ቆመው ሸኝተውታል፤ እሱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አፍ ሲሰማ የኖረ ሰውዬ አልሰማቸውም። ያን ቀን እራት አልበላም። ሚስቱ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ቁጥሩን ስትሰማ ውላለች።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሮጌውን መሪ ከአልጋ ሥር አወጣና ቀዩን ከፈተ። ቀዩ በዚያው ሰሞን በወሩ መጨረሻ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ እንደሚዘጋ አስታውቆ ስለነበር ገጹ የተለቀቀ ቤት ይመስል ነበር። የተመልካች ብዛት፦ ዜሮ። ጎማ አየ። በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዜሮው አንድ ሆነ።

«አርባ ዘጠኝ» ብሎ ጠራ።

«አለሁ።»

«ለምን አልመጡም?»

«ስልኬ አሮጌ ነው። አዲሱን አይቀበልም። እኔም እንደ ስልኬ ነኝ። እርስዎ ይሂዱ፣ ሰው ይጠብቅዎታል።»

«ቀበቶዎን ይሰሩ» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ተሳፋሪ ጋር በቀዩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአርባ ስምንቱ ጋር በሰማያዊው ይነዳ ጀመር። ሁለት መድረክ ሲፋለም ግን ወሬ አቀባይ አይጠፋም። በአራተኛው ቀን ሠራተኛዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቀዩ ላይ እየነዱ ነው አሉ።»

«ልክ ነው።»

«ስንት ሰው ኖሮዎት ነው?»

«አንድ።»

«ለአንድ ሰው ብለው?»

«የኔ ልጅ፣ ውሉ ላይ ተሳፋሪ ወደኋላ ከቀረ ምን ይደረጋል ይላል?»

«ስለሱ... ምንም አይልም ጋሼ።»

«ያንን ነው ምልሽ። የጻፈው ሰው አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካላቆመ ውሉ እንደሚፈርስ፣ የሰማያዊው በርም ለሦስት ወር እንደሚዘጋበት ነገረችው። እሷም ተቀጥራ የምታድር ልጅ ናት፤ አልተቀየማትም። በነጋታው ውሉ ፈረሰ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ለአርባ ስምንቱ «አንድ ሰው ጥዬ መጥቻለሁ፤ ልመለስ ነው። ሦስት ወር መጠበቅ የምትችሉ ጠብቁኝ» አላቸው። አንዳንዶቹ እንጠብቃለን አሉ። ብዙዎቹ በዚያው ሳምንት ሌላ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ነገሩ ከፋው፤ ሰው ቸኩሎ እንደሚሳፈር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ ቢሆንም ከፋው። አዲሱን መሪ ሊመልስ ራሱ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ አስገባ፤ ሚስቱ በዩኒፎርም ክር አሰረችለት።

«ቆጥረህ ሂድ ብዬህ ነበር» አለችው።

«ቆጥሬ እኮ ነው የተመለስኩት።»

አሥራ ሦስት ቀን ሁለቱ ብቻ ሄዱ። አርባ ዘጠነኛው ወንበር ከቀድሞው ትንሽ ይበልጥ ይናገር ጀመር። አንድ ቀን «ያቺን ድልድይ እወዳታለሁ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድልድዩን ሳያልፍ አልዋለም። ሌላ ቀን «ዛሬ መንገዱ ለስላሳ ነው» ሲሉ ሚስቱ ጨርቅ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ አልጠየቃቸውም። ሾፌር ትኬት ያያል እንጂ ታሪክ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ረጅሙን መንገድ ስለመረጠ ከስድስት ሰዓት በፊት ለመድረስ ቀደም ብሎ ተነሣ። ለመዘጋቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ድልድዩን እንዳለፉ፣ ጽሑፍ መጣ።

«ወራጅ አለ።»

ነዳጁን ለቀቀ። «ገና አሥራ አንድ ደቂቃ አለን፤ አላደረስኩዎትም።»

«አውቃለሁ። ዘግተውብኝ ከምወጣ ራሴ ብወርድ ይሻለኛል። እዚህ ጋ ይሁንልኝ።»

ፍሬቻ አበራ። መስታወቱን አየ። ኋላው ያሉት በኮምፒውተር የሚነዱ መኪኖች ነበሩ፤ ቢሆንም አሳለፋቸው። ዳር ይዞ ቆመ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ በሩን ከፈተ። ሚስቱ እግሯን ከመኪናዋ ላይ አንሥታ ነበር፤ መሪው አልተንቀጠቀጠም።

«ደኅና ገባን» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱ ዜሮ ሆነ።

ሰውየው በሩን አልዘጋም። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀኝ መስታወቱን ያያል። ሚስቱ መነጽሯን ወደ ግንባሯ አውጥታ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ወርደዋል እኮ። ምን ከፍተህ ትጠብቃለህ?»

«ሻንጣ ረስተው እንደሆነስ?» አላት።

ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ስክሪኑ ጠፋ፤ በሩ እንደተከፈተ ነበር።